ከመቆፈሯ በፊት የጠየቀችው ፍልፈል

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ ወንዙ ደረቀ። የቀረችው አንዲት ኩሬ ብቻ ነበረች፤ እሷም ልትነጥፍ ተቃርባለች። ንጉሡ አንበሳ እመት ፍልፈልን አስጠራና፣

«ሁላችንም የምንጠጣበት ጉድጓድ ቆፍሪልን። አንድ እንኳ ሳይጠጣ ከቀረ ግን ከአገሬ ትወጫለሽ» አላት።

ፍልፈል ደነገጠች። «እሺ ጌታዬ፤ ግን አስቀድሜ ልጠይቅ። ሦስት ቀን ይስጡኝ» አለች።

«ለጉድጓድ ደግሞ ሦስት ቀን!» ብሎ ከርከሮ ሳቀባት።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ዋርካ ሥር ሰበሰበች። «ምን ዓይነት ጉድጓድ ይሁንላችሁ?»

«ጥልቅ!» አለ ዝሆን።

«ጥልቅ! ጥልቅ!» አሉ ሁሉም። ሚዳቋም «ጥልቅ» አለች፤ ድምጿ ግን ከሁሉም ዘግይቶ፣ ቀጥኖ ወጣ። ነገሩ ፍልፈልን ከነከናት።

በሁለተኛው ቀን ቤት ለቤት ዞረች። ሚዳቋ ግራ ቀኟን ቃኝታ፣ «እመቴ፣ ዝሆን ፊት ምን ልበል? ጥልቅ ከሆነ ግልገሌ ገብታ አትወጣም» ብላ ሹክ አለቻት። ፍልፈል ቀጥላ ዔሊን ጠየቀች።

«እኔ? እኔን ምንም አይቸግረኝ!» አለች ዔሊ ኮራ ብላ።

በሦስተኛው ቀን ማንንም አልጠየቀችም። ኩሬዋ ዳር አፈር ውስጥ ገብታ፣ ጆሮዋን ቀስራ ዋለች። ዝሆን መጣ፤ ጠጣ፤ ሄደ። ከዚያ ዔሊ መጣች። ጠጥታ ልትወጣ ስትል፣ ሸርተት! እንደገና ሸርተት! አሁንም ሸርተት! ሆኖም «ድረሱልኝ» አላለችም። ፍልፈል ከአፈሩ ብቅ አለች። ከኋላ ገፋ አድርጋ አወጣቻት፤ ለማንም አላወራችም።

አሁን ቆፈረች። መሀሉን ለዝሆን ጥልቅ አደረገችው። አንዱን ጎን ረጋ ያለ ቁልቁለት አድርጋ፣ እግር እንዳያዳልጥ ጠጠር ደለደለችበት። ውሃውም «መጣሁ! መጣሁ!» እያለ ፈለቀ።

ዝሆን ኩምቢውን ሰድዶ ጠጣ። የሚዳቋ ግልገል ዘላ ገባች፤ ዘላ ወጣች። ከርከሮም ልጆቹን አስከትሎ ወረደ። በመጨረሻ ዔሊ ገባች። ጠጣች፤ ዞረች፤ ረገጠች፣ ረገጠች፣ ረገጠች... ወጣች!

ጦጣዎች እልልታውን አቀለጡት።

«ያልጠጣ አለ?» አለ አንበሳ። አንድም አልነበረም። ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ፣ «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አላት። ፍልፈልም በዚያች አፈር በለበሰች እግሯ ወጥታ ቁጭ አለች፤ አገሩም አጨበጨበላት።

እናንተም ለብዙ ሰው የሚሆን ነገር ስትሠሩ፣ ደፋሩን በጉባኤ ጠይቁት፤ ዓይን አፋሩን ግን ቤቱ ሄዳችሁ። ኩሩውን ደግሞ ምንም አትበሉት፤ ውሎውን እዩለት።

ወጌን ጨረስኩ፤ ጠያቂ አያሳጣችሁ።