ዝይቱና የሐይቁ ቋጥኝ

ተረት ተረት ብዬ ልጀምር፤ እናንተም እሺ እያላችሁ ስሙኝ።

በአንድ ተራራ አናት፣ ድሮ እሳት ይተፋ በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ሐይቅ ነበር። በዳርቻው የምትኖር ዝይ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው እየሞላ ጎጆዋን ያጥለቀልቅባት ነበር። ከፍ ብላ እንዳትሠራ፣ እናቷ የፈለፈለቻት እዚያው ነውና ቦታውን መልቀቅ አልሆነላትም።

ስለዚህ ሐይቁ እንዳይፈስ አፋፉን ደግፎ የያዘውን ሽማግሌ ቋጥኝ፣ "አያ ቋጥኝ፣ እስቲ ትርፉ ውሃ እንዲወርድ ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ" አለችው።

"ከሥሬ ያለው እሳቱ ጥሎት የሄደ አመድ ነው። ውሃ አይችልም፤ ተይኝ ልጄ።"

ዝይቱ፣ "ሽማግሌ መቼ ሰበብ ያጣል" እያለች ወደ ፍልፈል ሄደች። ፍልፈል ቆፍር ካሉት ለምን ብሎ አይጠይቅም።

"የቱ ጋ ነው?" አላት።

"ከቋጥኙ ሥር፣ ጥቂት ብቻ።"

ጥቂቱ ጉድጓድ ሲነጋ ፈፋ ሆኖ ተገኘ። አመዱ ተናደ፤ ቋጥኙ ቁልቁል ተንከባለለ፤ ሐይቁም ተከትሎት ወረደ።

ዝይቱ ቆላ ድረስ በርራ ቋጥኙን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አገኘችው።

"አያ ቋጥኝ፣ አጥፍቻለሁ። በሞቴ፣ ወደ ቦታህ ተመለስ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ" አላት። "ግን ድንጋይ በራሱ ሽቅብ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ክረምቱ መጣ፤ ዝናቡም እንደወትሮው ዘነበ። ጫጩቶቿ እንደተፈለፈሉ ሊዋኙ ወደ ታች ሮጡ፤ ሐይቁ የነበረበት ጭቃ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ዞረው አዩዋት።

በዚያ ዓመት ውሃው ጎጆዋ አልደረሰም።