የባ ረጅም እግር

በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ፤ ዛሬ የማወራላችሁ የሦስት ፊደላትን ጉድ ነው። እናንተ «እሺ» በሉኝ፣ እኔ ልቀጥል።

ፊደል አፍ አውጥቶ ከሰው ጋር በሚያወራበት ዘመን፣ ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ፊደላትን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ነው። በቴሌቪዥን የፕሮግራም ስም እየዘለለ፣ እየተሽከረከረ ሲመጣ አይታችሁ የለ? እሱን የምትሠራው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ለልጆች የአዲስ ዓመት ፕሮግራም «አበባ» የሚለውን ርዕስ እንድታንቀሳቅስ ታዘዘች። ሦስቱ ፊደላት ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። አ ከፊት ስለቆመ ራሱን አለቃ አደረገ። በ ሁለት እኩል እግሮቹን አንፈራጦ መሐል ቆመ። ከኋላ ደግሞ እህቱ ባ አለች። የባ ግራ እግሯ አጭር፣ ቀኝ እግሯ ረጅም ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ትወዳለች፤ ሰው ሳያያት ቢያልፍ ደስታዋ ነው።

ትርሲት ሦስቱንም አንድ ላይ አስራ ከግራ ወደ ቀኝ ነዳቻቸው።

«እንዴት ነበርን?» አለ አ፣ ደረቱን ነፍቶ።

በማውስ እየተነዳች ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትለው ጠቋሚ፣ እትዬ ቀስት፣ ያየችውን መደበቅ አታውቅም። «ሰዎች ጣውላ ተሸክመው ሲያልፉ ነው የመሰለኝ» አለች።

ትርሲት ሳቀች። ሰዓቷን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። «እስከ አሥር ሰዓት ካላማርን አለቃዬ ርዕሱን ሊቀይረው ነው። ‹መስከረም ይባል› ብሏል።»

ፊደላቱ ክው አሉ። ርዕሱ ከተቀየረ ሦስቱም መሰረዛቸው ነዋ!

«እንግዲያው ፍቺንና ለየብቻችን እንሞክር» አለ በ።

ትርሲት ፈታቻቸው። አ ዘለለ፣ ዞረ፣ ቀጥ አለ። በ ዘለለ፣ ዞረ፣ ቀጥ አለ። ባ ዘለለች፣ ዞረች፣ ድፍት! በወንድሟ ላይ ወደቀች፤ በ ደግሞ አን ገፋው፤ ሦስቱም ተከመሩ።

«ምነው አንቺ!» አለ አ። «ይሄ እግርሽ ጉድ ሠራን እኮ!»

«እሷን ትተን ሁለታችን ብንወጣስ?» አለ በ። የገዛ ወንድሟ ነው እንዲህ ያለው!

ትርሲት ከፋት፤ ቢሆንም ሰዓቱ እየሄደ ነውና ባን ደብቃ ሞከረችው። አ ዘለለ። በ ዘለለ። አለቀ።

«አበ?» አለች እትዬ ቀስት። «አበ ብሎ ነገር ምንድን ነው?»

 

ባ ከተደበቀችበት ሆና ሰማች። መጀመሪያ እፎይ ብላ ነበር፤ ማንም አያያትማ። ቆየት ሲል ግን አሰበችበት። «ያለ እኔ ምንም ትርጉም የላቸውም» አለች በልቧ። «ታዲያ እኔ ምን ያስደብቀኛል?»

«ትርሲትዬ!» ብላ ተጣራች። «ስታዞሪኝ የት ላይ ይዘሽኝ ነው?»

«ወገብሽ ላይ። ሁሉንም ወገቡን ይዤ ነው የማዞረው።»

«እኔ እኮ የምቆመው በወገቤ አይደለም። በረጅሟ እግሬ ነው። እስቲ ጫፏ ላይ ያዢኝ።»

ትርሲት ግንባሯን በእጇ መታች። «ውይ! ጠይቄሽ አላውቅም እኮ!»

እትዬ ቀስት እየሮጠች የባን መዞሪያ ነጥብ ከወገቧ አንስታ ረጅሟ እግር ጫፍ ላይ ተከለችው። አ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ በ ወጣ። ትንሽ ቆይታ ባ ወጣች። ረጅሟን እግሯን ተከለች፣ አጭሯን አየር ላይ አነሳች፣ ከዚያ ተሽከረከረች! አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ! ሳትወድቅ፣ ሳትንገዳገድ፣ ልክ ነፋስ እንደሚያጫውታት አደይ።

«እልልል!» አለች እትዬ ቀስት።

በ አፉን ከፍቶ ቀረ። «እህት ዓለም፣ እኔንም አስተምሪኝ።»

«መጀመሪያ ይቅርታ በለኛ።»

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለ በ፣ ዝቅ ብሎ።

«በል አንዷን እግርህን አንሳ። ኧረ እንደሱ አይደለም! ቀስ ብለህ!»

አ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ነገር... ለአለቃም ይሆናል?»

«ለጋሼ አ ደግሞ እንዴት አይሆንም!» አለች ባ፤ ሦስቱም እየሳቁ አብረው ሲዞሩ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ርዕሱ ተጠናቀቀ። የትርሲት አለቃም አየና «መስከረም የሚባለውን ተዉት» አለ።

በበዓሉ ጠዋት «አበባ» በየቤቱ ታየች። አንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ብድግ ብላ በአንድ እግሯ ዞረች፣ ዞረችና ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለች፤ ከዚያ በሳቅ ፍርስ! ባም ከስክሪኑ ውስጥ አየቻትና፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ደጋግማ ዞረችላት።

አያችሁ ልጆች፣ ከሌላው መለየት ጉድለት አይደለም። የሚመቻችሁን ደፍራችሁ ተናገሩ፤ ሌላውም ሲናገር ስሙት። እኔ አውርቼ ደከመኝ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ ተነሡና ጨፍሩ!