ልብስ ሰፊው ለራሱ የሰፋው ቀበቶ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ቢሾፍቱ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ስሙ ላቀው ነው፤ ዕድሜው አርባ ስድስት። እጁ የተመሰከረለት ነበር፤ ሙሽሮች ከአዲስ አበባ ድረስ እሱን ፍለጋ ይመጡ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ጣሉት። አንዱ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት፤ ሌላው ኪሱን በረበረ። ስልኩን ወስደው ሄዱ። ስልክ ይተካል። ያ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን አልሄደም። ገባችሁ ወገኖቼ? ሰውየው ሄዷል፤ ክብደቱ ቀርቷል። ላቀው ዓይኑን በከደነ ቁጥር ከሐይቁ ስር የተኛ ይመስለዋል። ከላይ ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ ያየዋል፤ መተንፈስ ግን አይችልም።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ስፖርት ቤት የጁጂትሱ ልብሶች እንዲሰፋ አዘዘው። ጁጂትሱ መሬት ላይ ተያይዘው የሚታገሉት ትግል ነው። ቡጢ የለበትም፤ ርግጫ የለበትም። መያዝ ነው፤ መጠምዘዝ ነው፤ ከስር ሆኖ መውጫ መፈለግ ነው። የተሸነፈ ሰው ባልደረባውን በእጁ መታ መታ ያደርገዋል፤ ያኔ ወዲያው ይለቀቃል።

ልብሱን ሊያስረክብ በማለዳ ሄደ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል፤ ጉሙ ገና ከውሃው ላይ አልተነሳም፤ ብርሃኑ ወተት መስሏል። ምንጣፉ ላይ ረድኤት የምትባል ቀጭን ነርስ ተጋድማለች፤ እጥፏን የሚያክል ሰው ተጭኗታል። እሷ ግን ፈገግ ብላለች።

ላቀው ልብሶቹን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። "ከስር ሆና እንዴት ትስቃለች?" አለ ለራሱ።

አሰልጣኙ ናሆም ሠላሳ ያልሞላው ወጣት ነው። ሰማው። "ጋሽ ላቀው፣ ለራስዎም አንድ ይስፉና ይምጡ" አለው።

ሰፋ። መጣ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የምትፈሩት ነገር ወዳለበት ቤት በገዛ እግራችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ገና ሳይዙት መታ መታ ያደርግ ነበር። ናሆም አጠገቡ ይንበረከክና "መጀመሪያ ይተንፍሱ፤ ማሸነፉ ይቆየን" ይለዋል።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ ከስር እንዳለ የራሱን ትንፋሽ ሰማ። ቀስ ብሎ ይገባል፤ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከላይ ያለው ሰው ከበደው እንጂ አልገደለውም። ያን ዕለት ወደ ሱቁ ሲመለስ ዛፉም ባጃጁም መንገደኛውም ሁሉም በዝግታ ሲንሳፈፍ አየ፤ ዓለም ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መሰለው።

በዚህ ስፖርት ጀማሪ ነጭ ቀበቶ ይታጠቃል። ቀጥሎ ያለው ሰማያዊው ነው፤ እሱም ዓመታት ይፈጃል። ሰው ራሱ አይታጠቀውም፤ አሰልጣኙ ነው የሚያስርለት። የቢሾፍቱዎቹን ቀበቶዎች የሚሰፋው ደግሞ ላቀው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ረድኤት ሰማያዊውን አገኘች። ላቀው አጨበጨበ፤ ከልቡ አጨበጨበ። ሱቁ ሲገባ ግን ከእሷ ቀበቶ የተረፈው ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተመኝቶ ይቀራል። ልብስ ሰፊ ግን መቀስ በእጁ ነው። ቆረጠው። ሰፋው። መስታወት ፊት ቆሞ ታጠቀው። እንዴት ያምራል! ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የተስተካከለ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው ማንም መንገድ ላይ አይጥለውም። ሕልም እንደሚያይ ሰው ረጅም ሰዓት ቆሞ አየው።

በሳምንቱ ጨርቅ ሊገዛ አዳማ ሄደ። እዚያም የጁጂትሱ ቤት አለ፤ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ያንን ቀበቶ ታጥቆ ገባ።

የአዳማው አሰልጣኝ ወገቡን አየና ፊቱ የገረጣ ሰው ይዞለት መጣ። "ደምሰው ይባላል፤ ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ትንሽ ይፈራል። ከእርስዎ ጋር ቢሆን አይጎዳም ብዬ ነው።"

ጀመሩ። ላቀው ከላይ ሆነ። ወዲያው የደምሰው ትንፋሽ ተቆራረጠ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ላቀው ያንን ዓይን ያውቀዋል። ከእኔና ከእናንተ በላይ ያውቀዋል! ቶሎ ተነሣለት። "ይተንፍሱ ወንድሜ፤ ማንም አልያዘዎትም።"

ደምሰው ሲረጋጋ ቀበቶውን በስስት አየና "ሰማያዊ ላይ ሲደርሱ ፍርሃቱ ይጠፋል፣ አይደል?" አለው።

ምን ይበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

ላቀው ቀበቶውን ፈታ። "ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላሰረልኝም" አለ። "እኔም እፈራለሁ።"

የላቀው ጆሮ እንደ እሳት ጋለ። ደምሰው ግን "እርስዎም?" አለ፤ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። "እንግዲያው እንደገና እንሞክር።"

በማግስቱ ላቀው ቢሾፍቱ ተመልሶ ለናሆም ሁሉንም ነገረው። ናሆም በመስኮቱ ወደ ውሃው እያየ ጠየቀው።

"ቀበቶውን ምን አደረጉት?"

"ተረተርኩት፤ ክር በክር።"

"ነገ ልምምድ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እንዳያረፍዱ።"

ይኸው ነው። አላባረረውም፤ አልሰበከውም። ላቀውም አላረፈደም። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነጭ ቀበቶውን ታጥቆ ተመላለሰ። ከእሱ በኋላ የመጡ አለፉት። የቀበቶ ትእዛዝ ሲመጣለት ይሰፋል፤ ያስረክባል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ጉሙ መስኮቱን ሞልቶት ሳለ፣ ናሆም ሁሉንም አሰለፈ። ያን ሰሞን ላቀውን ምንም ቀበቶ እንዲሰፋ አላዘዘውም ነበር። ከቦርሳው የደበዘዘ፣ ጫፉ የነተበ ሰማያዊ ቀበቶ አወጣ። "ይህን አስተማሪዬ ለእኔ ያሰረልኝ ነው" አለና ላቀው ፊት ተንበረከከ።

"ማስተር፣ እኔ እኮ ማንንም አላሸነፍኩም።"

"ባለፈው ወር የገቡትን አዲሶች ይጠይቋቸው፤ ሁሉም ከማን ጋር መሥራት እንደሚፈልጉ።"

አሰረለት። የላቀው ጣቶች እንደ ልማዳቸው ስፌቱን ዳሰሱት። ጠማማ ነው፤ አንድ ቦታ ተዘልሏል። በአሥር ደቂቃ ሊያስተካክለው ይችል ነበር። እስከ ዛሬ አልነካውም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ለራሳችሁ የሰፋችሁት ምንድን ነው? "ጸሎተኛ" የሚለውን ስም ነው? ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ሳትነጋገሩ ከርማችሁ በር ላይ "ሰላም ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የምትሉትን ነው? ያምራል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ነገር ግን ማን አሰረላችሁ?

አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ይሆናል። እናንተን እያየ "እሱ አይፈራም፤ እሷ አትወድቅም፤ እኔ ብቻ ነኝ" ይላል። ጌታ ተንበርክኮ ሊያስርላችሁ ይመጣል፤ እናንተ ግን ወገባችሁን ቀድማችሁ አስራችሁታል። እንግዲህ የት ላይ ይሰርላችሁ?

ፍቱት። ዛሬ፣ እዚሁ። ከጎናችሁ ያለው ሰው "እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?" ሲላችሁ ለአንድ ጊዜ እውነቱን ንገሩት።

እኔ ልጀምርላችሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ መድረክ ስወጣ እኔም ፈርቼ ነበር።