«ሚስ አድርጌሃለሁ»

አንድ ሰው ነበር። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ሲያሠለጥን የኖረ፣ ጋሽ ታንቱ የሚሉት ሰው። አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ሊዲያ። እሱ ያልወደደላትን ሰው አግብታ አዳማ ከገባች ወዲህ ስሟ በቤቱ አይነሳም። ይናፍቃታል፤ ግን ለማንም አይናገርም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ ሊዲያ ነኝ» አለችው። «በቃ… በጣም ሚስ አድርጌሃለሁ።»

ሚስ። ጋሽ ታንቱ ይህችን የእንግሊዝኛ ቃል ያውቃታል። ሜዳ ዳር ቆሞ ስንት ዘመን ተናዶባታል። አጥቂው ባዶ ጎል አግኝቶ ኳሷን ወደ ውጭ ሲልካት «ሚስ አደረጋት» ይባላል፤ ሳታት፣ አበላሻት። ታዲያ ልጁ ምን አለችው? «አባት ነህ ብዬ ነበር፣ ለካ ተሳስቻለሁ።» እሱ የሰማው ይህን ነው።

«ይህን ልትነግሪኝ ነው የደወልሽው?» አለና ዘጋው።

እሷም ደግማ አልደወለችም። ምን ብላ ትደውል? ናፈቅከኝ ብላ ስልክ የተዘጋባት ልጅ ከዚያ ወዲያ ምን ትበል?

ዓመታት ሄዱ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ቡድን ሲዛወር ሊሰናበተው መጥቶ አቀፈው።

«አሠልጣኝ፣ በጣም ነው ሚስ የማደርግዎት።»

«ምን በደልኩህ ልጄ?»

ልጁ ግራ ገባው። «ኧረ ምንም። ይናፍቁኛል ማለቴ ነው።»

ጋሽ ታንቱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። የሊዲያ ስልክ ትዝ አለው።

በማግስቱ አዳማ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ሊዲያ ናት። ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ ከአከራዩ ሽማግሌ ጋር ትጫወታለች፤ «አባባ» እያለች ትጠራቸዋለች። እንግዳውን ስታይ ከሽማግሌው ጀርባ ተደበቀች።

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሊዲያ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «አባባ፣ ‹ምን ማለትሽ ነው?› ብለህ ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችው።

«ይቅር በይኝ» አላት። ታረቁ፤ አብረው በሉ። የልጅ ልጁ ግን ሲሰናበታት እጇን አልሰጠችውም። አታውቀውማ።

ወገኖቼ፣ ያጠኑት ሰዎች እንደሚሉት ይህች ቃል በጥንቱ ዒላማ መሳት ነበረች። መሳቱ ወደ ማጣት ወሰዳት፤ ማጣቱም ወደ ናፍቆት። የምንናፍቀው ያጣነውን አይደል? የእኛስ «ኀጢአት» ከየት መጣ? ከግዕዙ «ኀጥአ»፤ አጣ ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህን አባት ያሳሳተው እንግሊዝኛው ነው? አይደለም። ቀድሞ ተቀይሞ ነበር። የተቀየመ ጆሮ በገዛ ቋንቋው ቢነገረውም የከፋውን ትርጉም ይመርጣል።

እናንተስ? በአንዲት ቃል ምክንያት የዘጋችሁት ሰው የለም? እህታችሁ፣ ወንድማችሁ፣ የወለዳችሁት ልጅ? ፈረዳችሁ፤ ግን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። «ያን ቀን ምን ማለትህ ነበር?» በሉት። አትዘግዩ ወገኖቼ፤ የልጅ ልጆቻችሁ እናንተን ሳያውቁ እያደጉ ነው።