ምንዳዬ «ተቀመጡ» እስኪል ድረስ

ወሬው ለይርገዱ የደረሳት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ብርድ ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ ነው። ለጉድጓድ ቁፋሮ አርባ ምንጭ የወረደው ባሏ ምንዳዬ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ይርገዱ ልትሄድ ተነሳች፤ ግን ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት ከወልዲያ መውጫ የለም። ምንዳዬ የፈለገው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ኑዛዜው ላይ መፈረም። የአባቱ ቤት ላሳደጓት ልጅ ለፋንቱ ይሁን ነው ነገሩ። ሳይፈርም ከሞተ ወንድሞቹ «ሥጋችን አይደለችም» ብለው ያስወጧታል።

«በቪዲዮ እናድርገዋ!» አለ ጠበቃው ሄኖክ። አንዱ ወረቀት በምንዳዬ አልጋ ላይ፣ ሌላው በይርገዱ ሳሎን፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተዘረጋ። ስልኩን ከስኳር ጣሳ አስደገፈው። «እትዬ፣ እርስዎ ከበር ውጭ ይሁኑልኝ። ኋላ ሚስቱ ናት ያስፈረመችው እንዳይሉን።»

ይርገዱ ወጣች። በበሩ ስንጥቅ አየች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ መልሳ አጣፋች።

የምንዳዬ ፊት ስልኩ ላይ ብቅ ሲል አራቱ ምስክሮች «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ፤ እንግዳ በር ላይ የቆመ ይመስል። የሚቀረጸው አራት ቀበቶ ሆነ።

«ተቀመጡ እንጂ! ፊታችሁ ካልታየ ፈርም አልለውም።»

«ስልኩን ከፍ አድርገዋ።»

«ከፍ ካለ ወረቀቱ አይታይም። ፊትም ወረቀትም አብረው መቀረጽ አለባቸው።»

እስክሪብቶው አይፈርም፣ ጠበቃው «ፈርም» ካላለ። ጠበቃው «ፈርም» አይል፣ የምስክሮቹን ፊት ካላየ። ምስክሮቹ አይቀመጡ፣ ታላቃቸው ጋሽ ይመር ካልተቀመጡ።

«ሰውየው እንዲህ ታሞ እያየሁ ልደላደል?» አሉ ጋሽ ይመር። «ባለቤቱ ራሱ ተቀመጡ ይበለኝ። በዚህ ቤት እሱ ሳይለኝ ተቀምጬ አላውቅም።»

«ጋሽ ይመር፣ ስልክ እኮ ነው!»

«ስልክ ከሆነ ፊትዎን ያሳዩ ለምን ትለኛለህ?»

እስክሪብቶው አይፈርም፣ ጠበቃው «ፈርም» ካላለ። ጠበቃው አይል፣ ፊት ካላየ። ምስክሮቹ አይቀመጡ፣ ጋሽ ይመር ካልተቀመጡ። ጋሽ ይመር አይቀመጡ፣ ምንዳዬ «ተቀመጡ» ካላለ።

ምንዳዬ ግን አፉ ላይ የኦክስጅን ጭንብል አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። እጁን አወዛወዘ።

«ተሰናበተን እንዴ?» አለ አንዱ ምስክር ደንግጦ።

«ዝም በል አንተ!»

ነርሷ «ዶክተሩ ሳያዝ ጭንብል አላነሳም» አለች። ዶክተሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ከተነሳ ሊደክም ይችላል። ሚስቱ ሳትፈቅድ አላዝም።»

እስክሪብቶው አይፈርም፣ ጠበቃው «ፈርም» ካላለ። ጠበቃው አይል፣ ፊት ካላየ። ምስክሮቹ አይቀመጡ፣ ጋሽ ይመር ካልተቀመጡ። ጋሽ ይመር አይቀመጡ፣ ምንዳዬ «ተቀመጡ» ካላለ። ምንዳዬ አይናገር፣ ነርሷ ጭንብሉን ካላነሳች። ነርሷ አታነሳ፣ ዶክተሩ ካላዘዘ። ዶክተሩ አያዝ፣ ይርገዱ ካልፈቀደች። ይርገዱ ደግሞ ከበር ውጭ ናት፣ ጠበቃው አትግቢ ብሏት!

በሩን ገፍታ ገባች።

«እትዬ፣ ውጭ!»

«ዝም በል፣ ሄኖክ።»

ስልኩ ፊት ቆመች። ምንዳዬ አያት፤ በሁለት ጣቱ ጭንብሉን ነካ ነካ አደረገ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ምን እንደሚል ገብቷታል። ምን እንደሚያስከፍለውም ገብቷታል።

«ምንዳ፣ ይነሳልህ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ዶክተር፣ ይነሳለት» አለች።

ይርገዱ ፈቀደች፣ ዶክተሩ አዘዘ። ዶክተሩ አዘዘ፣ ነርሷ ጭንብሉን አነሳች። ነርሷ አነሳች፣ ምንዳዬ «በእግዜር! ተቀመጡ፣ ጋሽ ይመር» አለ። ጋሽ ይመር ተቀመጡ፣ ምስክሮቹ ተቀመጡ፣ አራት ፊት ታየ። ጠበቃው «ፈርም» አለ፣ እስክሪብቶው ፈረመ።

ጭንብሉ ወዲያው ተመለሰ። ምንዳዬ ሐሙስ ዐረፈ፤ ከዚያች ቃል በኋላ ሌላ አልተናገረም።

ከአርባው በኋላ ወንድሞቹ መጡ። ሄኖክ ቪዲዮውን ከፈተላቸው። የምንዳዬ ፊት ብቅ ሲል ሦስቱም ሳያስቡት ብድግ አሉ። «ተቀመጡ» ሲል ሰሙት፤ ተቀመጡ። ስለ ቤቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። ፋንቱ ዛሬም ብርድ ልብሱን በዚያው ገመድ ላይ ታሰጣለች።

ይህን የምታነብቡ ሁሉ፣ ቆማችሁ እንደሆን ተቀመጡ፤ እሱ ብሏል። ተቀምጣችሁም ለምንዳዬ ነፍስ ይማር በሉለት።