አህያዋና የአጋሙ ቁጥቋጦ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ክፉኛ ከሳች። በጋው ረዝሞ ከደረቀ ጭድ በቀር የምትቀምሰው አልነበራትም። የጀርባዋ ገጣባ አልሽር አለ፣ ድዷ ይደማል፣ ጭዱን ባላመጠች ቁጥር ጥርሷ ይነቃነቃል። ጌታዋም አየት አደረጋትና «ከእንግዲህ ጭነት አትችልም፤ ብትድን ትዳን፣ ባትድን የጅብ ናት» ብሎ ወንዝ ዳር ለቀቃት። ሰው እንዲህ ነው፤ ወዳጅነቱ ጉልበት እስካለ ድረስ ነው።

አያ ጅቦ ወሬውን ከማንም ቀድሞ ሰማ። መጥቶ ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎኗን አሸተተ፣ ፊቱንም አጨማደደ።

«እመት አህዪት፣ እንደምን ሰነበትሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ጅቦ» አለች። መሮጥ ቀርቶ መቆምም ከብዷታል።

«አሁን ብበላሽ ትርፉ አጥንት መቆርጠም ነው። ትንሽ ሥጋ ያዥልኝና ወሩ ሲያልቅ እመጣለሁ። እስከዚያ የትም እንዳትሄጂ።»

«ወዴት እሄዳለሁ ብለው ነው?»

አያ ጅቦ በብልህነቱ እየተደነቀ ሄደ።

አህያዋ ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ እመት ቀበሮን አጋም ሥር አገኘቻት። የቀበሮ ጠጉር ያብረቀርቃል፣ ዓይኗ ጥርት ብሏል፣ አፏ ግን ቀለም የጠጣች ይመስል ጠቁሯል።

«እመት ቀበሮ፣ ምን እየበላሽ ነው?»

ቀበሮ ከንፈሯን ቶሎ ላሰች። «ምን እበላለሁ፣ ልቅሶ ልደርስ መጥቼ ነው እንጂ። ‹ካጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል› ሲባል አልሰማሽም?»

እውነትም ከአጋሙ ጎን አንድ ቁልቋል ቆሟል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋሙ እሾህ ይወጋዋል፣ እሱም ነጭ እንባውን ያወርዳል።

«ይኸው በዓይንሽ እዪው» አለች ቀበሮ። «አጋም የነካውን ሁሉ ያስለቅሳል። አባቶቻችን በከንቱ አልተረቱም። እኔም ምስኪኑን ላጽናና ብዬ ነው በየቀኑ የምመላለሰው።»

አህያዋ ፈርታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አገሩ ሁሉ ተረቱን ያውቀዋል፤ አጋም የሚለቅም ቢገኝ እንኳ እረኛ ወይም ችግር የጠናበት ነው እየተባለ ይሳቅበታል። እመት ቀበሮም ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እያገሳች ወደ ጉድጓዷ ገባች።

የአህያ ነገር ሆኖ ቆይቶ ነው የገባት። «ልቅሶ የደረሰ ሰው ያገሳል እንዴ?» አለች ለራሷ። «ደግሞ ቁልቋሉን ያስለቀሰው እሾሁ ነው፤ ፍሬው ምን አደረገ? እኔስ ብሆን ቁልቋል አይደለሁም።»

ወፍራም ከንፈሯን በእሾሁ መካከል ቀስ አድርጋ አሾልካ አንዲት የጠቆረች ፍሬ ለቀመች። ጣፈጣት። ሌላ ደገመች። ከአጋሙ ስትጨርስ ማዶ ወዳለው ቀጋ ተሻግራ ቀያይ ፍሬውን ቀጠለች፣ በነጋታውም ተመለሰች። ውሎ አድሮ የድዷ ደም ቆመ፣ ገጣባዋም ደርቆ ጠጉር አበቀለ። የተማረ ሰው ቢጠየቅ እንዲህ ያለ የዱር ፍሬ ቫይታሚን አለው፣ ድድ ያጠነክራል፣ ቁስል እንዲሽር ይረዳል፣ ቀለሙም ሰውነትን ከጉዳት ይከላከላል ይላል። እሷ ግን ያወቀችው ጥርሷ መነቃነቁን መተዉን ነው፤ ደስታዋም ወሰን አልነበረውም።

ወሩ አለቀ። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ከተፍ አለ።

«ጎሽ፣ ቃልሽን አከበርሽ። ምን በልተሽ እንዲህ ወፈርሽ?»

«አጋምና ቀጋ።»

አያ ጅቦ ሳቀ። «የእረኛ ምግብ! ለነገሩ እኔ ምን ቸገረኝ፣ የምበላው አንቺን ነው። በይ ዙሪልኝ፤ የሰባው በኋላ በኩል ያለው ነው።»

«እንደ ወደዱ፣ አያ ጅቦ» ብላ ዞረችለት፣ ጠጋ እስኪልም ጠበቀች። ከዚያ በሁለት እግሯ ብታጎነው ተሽቀንጥሮ አጋሙ ውስጥ ተቀረቀረ። ጥርሱ ግማሹ ረግፏል፣ እሾሁም ቢላወስ ባይላወስ አልለቀው አለ።

«እመት አህዪት፣ ኧረ ድዴ ደማ፤ ምን ይሻለኛል?» አለ እያቃሰተ።

«ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይልቀሙ» አለችው ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ። «ለድድ እሱን የመሰለ የለም።»

ከዚህ የምንማረው፣ በወሬ ብቻ ፈርቶ የደጁን ፍሬ የማይቀምስ ሰው ገበታው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደሚራብ ነው።