እመት ጎሚትና የድልድዩ ዕርቅ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረት ልናገር ነው። እንቅልፍ የመጣበት ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ፤ መሃል ላይ ነቅቶ «ማን ምን አለ?» ለሚል ሰው ደግሜ አልናገርም።

በድሮ ጊዜ፣ ድንጋይ ሲናገር እንስሳ ይሰማ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር ወንዝ ነበር። በወንዙ ላይ ድልድይ ነበር። ድልድዩ ሁለት ወለል ነበረው። ወዲህ ማዶ ያለው አያ ወዲህ ይባላል። ወዲያ ማዶ ያለው አያ ወዲያ ይባላል። ስም ያወጣላቸው ሰው ብዙ አልተጨነቀም። ሁለቱም ጫፋቸውን ወንዙ መሃል በቆመው ምሰሶ ትከሻ ላይ አሳርፈዋል፤ ግን አይነካኩም። በመሃላቸው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። በክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታ አንዲት ጥቁር ጎማ ትኖራለች። እመት ጎሚት ይሏታል።

የእመት ጎሚት ሥራ ቀላል ነው፤ ቀላል የሚሆነው ግን ለሚያወራው ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ወለሎቹን ስታግላቸው ወለሎቹ ይፋፋሉ። አያ ወዲህ «ጠጋ በይልኝ» ይላል፤ አያ ወዲያም «ጠጋ በይልኝ» ይላል። እመት ጎሚት በሁለት ወገን ተጨምቃ ትኮማተራለች። ማለዳ ሲበርድ ወለሎቹ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ሁለቱንም እንደያዘች ትለጠጣለች። ሲዘንብም ውሃው ሾልኮ የምሰሶውን ትከሻ እንዳያበላሸው ታግዳለች። ስትጨመቅ እየዋለች፣ ስትለጠጥ እያደረች፣ አርባ ዓመት ኖረች። አንድም ቀን «ደከመኝ» ብላ አታውቅም።

ወዳጇ አያ ጃርት ነበር። ጃርት የድንች ማሳው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ በዚያ ድልድይ ይመላለሳል። በየቅዳሜው በእሾሁ ክፍተቱን ይጎረጉርላታል፤ ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ የፍየሉን በጠጥ ሁሉ እየለቀመ ያወጣል። «ጠጠር እዚህ ከሰነበተ ወለሎቹ ሲፋፉ መሄጃ ያጣሉ» ይላል። ይህን የሚያውቁት ጃርትና እመት ጎሚት ብቻ ነበሩ። ሌላው እንስሳ ክፍተት መኖሩን የሚያስታውሰው እግሩን ሲመታው ነው።

አንድ ክረምት እመት ጎሚት ተሰነጠቀች።

ስንጥቁ መጀመሪያ ፀጉር ያህል ነበር። ቀጥሎ ጥፍር አስገባ። ቀጥሎ ውሃ አስገባ። እመት ጎሚት ዝም አለች። ለምን ዝም አለች? አትፍረዱባት። ያረጀ ጎማ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ወይ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፣ ወይ እሳት ማያያዣ ይሆናል። አርባ ዓመት ከኖረችበት ቦታ ነቅለው እንዳይጥሏት ፈራች። በጣም ፈራች።

በቅዳሜው ጃርት መጣ።

«እመት ጎሚት፣ ደህና ነሽ ወይ? ጎንሽ ላይ መስመር ነገር አያለሁ።»

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን። መጨማደድ ነው፤ ዕድሜ ነው» አለች።

ጃርት አመነ።

ሳምንት ሳይሞላ ምሰሶው ከታች ተጣራ።

«እመት ጎሚት! ትከሻዬ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ውስጤ ያለው ብረት መዛግ ጀምሯል። ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን። ጤዛ ነው» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ጤዛ! ምሰሶውም አመነ። ምሰሶ መቆም እንጂ መመራመር ልማዱ አይደለም።

በሦስተኛው አያ አህያ ጤፍ ተጭኖ ሲሻገር ስንጥቁን ረገጠው። ጎማዋ ሰመጠችበት፤ ሰኮናው ክፍተቱ ውስጥ ተቀረቀረ። ታግሎ እስኪወጣ ድረስ የጤፉ እኩሌታ ለዓሣ ደረሰ።

«አንቺ እመት ጎሚት፣ ምን ሆነሻል?»

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን። ይልቅ አረማመድህን አስተካክል» አለች።

አህያ ግን አላመነም። አህያ በብዙ ነገር ይሰደባል፤ በአረማመዱ ግን ተሰድቦ አያውቅም። ተናደደና ቀጥ ብሎ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አያ በሬ፣ አያ ኤሊና አያ ቁራ። በሬ የተመረጠው ሲናገር ስለሚሰማ ነው። ኤሊ የተመረጠው ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ነው። ቁራን ማንም አልመረጠውም፤ ከዕርቅ በኋላ ድግስ እንዳለ ስለሚያውቅ ራሱ መጣ። ሦስቱም በማለዳ መጥተው ድልድዩ ላይ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አያ ወዲህ» አለ በሬ፣ «ከወንድምህ ከአያ ወዲያ ጋር ትነካካላችሁ ወይ?»

«አንነካካም» አለ አያ ወዲህ።

«አያ ወዲያ፣ አንተስ?»

«ኧረ አንነካካም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተሠራን ጀምሮ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አርባ ዓመት!» አለ ኤሊ። «በአንድ ትከሻ ላይ ተኝተው አርባ ዓመት ተኳርፈው! ወይ ጉድ! አህያው በእናንተ ኩርፊያ መሃል ገብቶ ነዋ የተቀረቀረው!»

«አልተኳረፍንም እኮ» አለ አያ ወዲህ።

«የተኳረፈ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለ በሬ።

ጃርት ከኋላ ብድግ አለ። «ሽማግሌዎች፣ ክፍተቱ ኩርፊያ አይደለም፤ መተንፈሻቸው ነው። ካላመናችሁኝ እመት ጎሚትን ጠይቋት።»

በሬ ወደ ክፍተቱ ጎንበስ አለ። «እመት ጎሚት፣ እውነቱን ተናገሪ። አህያው የተቀረቀረው በአንቺ ነው ወይስ በእነዚህ ኩርፊያ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ተሰንጥቄአለሁ» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እመት ጎሚት ቃሉን እስከ አፏ አደረሰችው፤ በረባሶው ትዝ አላትና መልሳ ዋጠችው።

«እኔ ደህና ነኝ፤ እግዜር ይመስገን» አለች። «የእነሱን እንግዲህ ሽማግሌ ያውቃል።»

«እናውቃለን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

በዚያ አገር ሥርዓት የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ «ይቅር» ሲባል ድንጋዩን ይጥለዋል። አሁን ግን ማን እንደበደለ አልታወቀም። ስለዚህ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው እኩሌታውን በአያ ወዲህ ጫፍ፣ እኩሌታውን በአያ ወዲያ ጫፍ ላይ አጋደሙት።

«ይቅር ተባባሉ!» አለ በሬ።

«ይቅር ብያለሁ» አለ አያ ወዲህ። ምኑን እንደሆነ አላወቀም።

«እኔም ይቅር ብያለሁ» አለ አያ ወዲያ። እሱም አላወቀም።

በሬ ድንጋዩን በቀንዱ በጎኑ አቆመና ወደታች ገፋው። ማለዳ ነበርና ክፍተቱ ሰፊ ነበር። ድንጋዩ ወረደ፤ እመት ጎሚት ጀርባ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለቱ ወለሎች መሃል ልክክ አለ።

«አያችሁ?» አለ ኤሊ። «አሁን ተነካኩ።»

እልል ተባለ። ድግሱ ቀትር ላይ፣ እዚያው ድልድዩ ላይ ይሁን ተባለ። ቁራ ቦታ ያዘ። ጃርት «ተዉ፣ ተዉ» ቢል «አንተ ደግሞ ዕርቅ አትወድም» ብለው ዝም አሰኙት።

ፀሐይ ወጣች። ፀሐይ ስለ ዕርቁ የነገራት አልነበረም።

ረፋድ ላይ ወለሎቹ መሞቅ ጀመሩ። «ጠጋ በይልኝ» አለ አያ ወዲህ እንደ ልማዱ። እመት ጎሚት ልትጠጋ ሞከረች፤ ድንጋዩ ጫን ብሎ አላላውስ አላት።

«ድንጋይ፣ ባክህ ጠጋ በል!»

«እኔ የዕርቅ ድንጋይ ነኝ» አለ ድንጋዩ። «ስለ መጠጋት የነገረኝ የለም።»

አያ ወዲህ ገፋ። አያ ወዲያ ገፋ።

«ምን ያጋፋሃል?»

«ራስህ ገፍተኸኝ!»

«ድሮም አንተ!»

ድሮ ምንም አልነበረም። አርባ ዓመት ክፉ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ ወንድማማቾች በታረቁ በግማሽ ቀን ተሰዳደቡ። የአያ ወዲህ ጫፍ ቋ ብሎ ተፈረከሰ። ምሰሶው ከታች አቃሰተ። «ትከሻዬ! ትከሻዬ እየተንሸራተተ ነው። ከዚህ በላይ ከገፉ እለቃለሁ!»

ከላይ ድግሱ ደምቋል። ከበሮው ይመታል፤ ፍየሎቹ እስክስታ ይወርዳሉ፤ ጥጆቹ ይዘላሉ። የጃርት ሦስት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ልክ ክፍተቱ አጠገብ ይሽከረከራሉ። የምሰሶውን ሲቃ የሰማችው እመት ጎሚት ብቻ ነበረች። ልጆቹን ደግሞ ከተወለዱ ጀምሮ በእግራቸው ኮቴ ታውቃቸዋለች። 

«ውረዱ!» ብላ ጮኸች። ከበሮው ዋጣት።

«ኧረ በፈጠራችሁ ውረዱ!» አለች። «እሷም ደስ ብሏት እየዘፈነች ነው» አለች አንዲት ፍየል፤ እስክስታዋን ቀጠለች።

በሦስተኛው እመት ጎሚት እንዲህ ብላ ጮኸች፦ «ተሰንጥቄአለሁ! አህያውን የጣልኩት እኔ ነኝ! ምሰሶውን ያዛግኩት እኔ ነኝ! ወንድማማቾቹ ተኳርፈው አያውቁም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

ከበሮው ቆመ። «ውረዱ» ሲባል ያልቆመ ከበሮ ገመና ሲሰማ ቆመ። እናንተም ብትሆኑ ትቆሙ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

በዚያ ጸጥታ የምሰሶው ሲቃ ለሁሉም ተሰማ። ጃርት ልጆቹን አፈፍ አድርጎ ወደ ዳር ሮጠ። «ሁሉም ይውረድ! አያ አህያ፣ ገንቦ ጫንና ወደ ወንዝ! ወለሎቹ ካልቀዘቀዙ ድንጋዩ አይላቀቅም!» አለ። ድልድዩ ባዶ ሆነ። ቁራ መጨረሻ ወረደ፤ በአፉም ሥጋ ይዞ ነበር።

አህያ አንድ ጊዜ ቀድቶ መጣ፤ አፈሰሱት፤ ወለሎቹ ጭስስ አሉ። ሁለተኛ ቀድቶ መጣ፤ ወለሎቹ መሰዳደባቸውን ተዉ። ሦስተኛ ቀድቶ መጣ፤ በድንጋዩና በአያ ወዲያ መሃል ክር የሚያህል ቀዳዳ ታየ። ጃርት እሾሁን ሰደደ። አንዱ ተሰበረ። ሌላው ተሰበረ። ሦስተኛው ተሰበረ። አራተኛው ድንጋዩን ፈንቀል አደረገው፤ በሬም አንገቱን ደፍቶ መጣና በቀንዱ አወጣው። ድንጋዩ ወንዝ ውስጥ ሲገባ «ሥርዓቱን ጨርሻለሁ» ብሎ ነው የገባው።

በማግሥቱ እመት ጎሚትን አወጧት። ስንጥቋ ከዳር እስከ ዳር ደርሶ ነበር፤ በሁለት ሰዎች እጅ መሃል እንዳረጀ ገመድ ተንጠለጠለች። እንስሶች ናቸው ያወጧት፣ አትቆጡኝ፤ አፌ ለምዶብኝ ነው። ከከተማም አዲስ ጎማ በግመል ተጭና መጣች። በሬ ለመካስ ቸኩሎ በቀትር ሊያስገባት ሲነሳ እመት ጎሚት ከመንገድ ዳር ተናገረች።

«አይሆንም። በቀትር ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ጠብባ የገባች ማለዳ ሲሰፋባት ትወድቃለች። በማለዳ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ሰፍታ የገባች ቀትር ላይ ትታነቃለች። ረፋድ ላይ አስገቧት፤ ፀሐይዋም ብርዱም ሳይበረቱ። መጀመሪያ ድልድዩን በቁመቱ ግማሹን ዝጉና በሌላው ግማሽ እለፉ።»

እንዳለችው አደረጉ። አዲሷ ጎማ ልክ ገባች። ቀትር ሆነ፤ ተኮማተረች፤ ማንም ማንንም አልተሳደበም። ጃርት ለአዲሷ «ምን ይሰማሻል?» አላት። «ግራ ጎኔ ትንሽ ይጫነኛል» አለች፤ ወዲያው አስተካከለላት።

ማምሻውን እንስሶቹ ተበተኑ። እመት ጎሚት መንገድ ዳር ተጋድማ ቀረች። አያ ወዲህ በተፈረከሰ ጫፉ ጠራት።

«እመት ጎሚት፣ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብነግራችሁ ታወጡኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነዋ» አለች። አለቀሰችም።

አያ ወዲህ አሰበ። ወለል ሲያስብ ጊዜ ይወስዳል።

«አዎ፣ እናወጣሽ ነበር» አለ። «ይኸው አሁንም ወጣሽ። ያኔ ብትነግሪን ግን፣ አርባ ዓመት የያዘችን ናት ብለን፣ መርቀን ነበር የምናወጣሽ።»

 

ክፍተት ወንድማማቾችን አያጣላም፤ የሚያጣላቸው ክፍተቱን በድንጋይ የሞላው ነው። ስንጥቁን የደበቀ ደግሞ መውጣቱ አይቀርለትም፤ የሚቀርበት ምርቃቱ ነው።